ማሌፊሰንት ቁጥር ሁለት፦ የጠንቋይ ፊልም ነው ወይስ የአማት?

ፋንዲሻ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2019 ነው። እኔ ያየሁት ባለፈው እሁድ ነው። አትሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጮኛዬ እናት ቡና ጠሩኝ። ልጃቸው እንደ ልማዱ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ ቀረ። አቦሉን ጠጣን፤ ቶናውን ጠጣን፤ ወሬያችን ግን ከበረካው በፊት አለቀ። ዝም ብለን ከምንተያይ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ፍላሽ ቲቪያቸው ላይ ሰካሁ። "የልጆች ተረት ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

የልጆች ተረት! ብዙም ሳይቆይ የሴቷ እናትና የወንዱ እናት ማዕድ ከበው፣ ፈገግ እያሉ ይወጋጋሉ። እኔ ደግሞ ከወደፊት አማቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ። ማሌፊሰንት፣ ማለትም አንጀሊና ጆሊ፣ በ2014ቱ ፊልም የረገመቻትን ሕፃን መልሳ የወደደች፣ ባለ ቀንድና ባለ ክንፍ ፌሪ ናት። "ፌሪን ምን ልበልዎ? ጂኒ? ዛር?" ስል እማማ "ቆሌ ናቸዋ" ብለው ገላገሉኝ። እኔም ከዚህ በኋላ ቆሌ እላለሁ። ሕፃኗ ኦሮራ አድጋ የቆሌዎቹ አገር የሙርስ ንግሥት ሆናለች። የጎረቤት አገር ልዑል ፊሊፕ እንጋባ ይላታል። የፊሊፕ እናት ንግሥት ኢንግሪት፣ ሚሼል ፋይፈር ናት፣ "ቤተሰብ ይተዋወቅ" ብላ እራት ትጠራለች።

ማሌፊሰንት ከመሄዷ በፊት ፈገግታ ትለማመዳለች። ጥርሷ ሲታይ ጭራሽ ታስፈራለች። አገልጋይዋ ቁራው ዲያቫል ሰላምታ ያስጠናታል። እማማ እዚህ ጋ ከልባቸው ሳቁ። "እኔም አንቺ ልትመጪ ነው ሲለኝ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር" አሉኝ። እኔም ታክሲ ውስጥ ሳጠና ነበር የመጣሁት፤ ግን አልነገርኳቸውም።

እራቱ ላይ መሳቅ አቆምን። ቆሌ ብረት ያቃጥለዋል፤ ኢንግሪት ይህን እያወቀች ብረት ማዕዱ ላይ ታቀርባለች። ከዚያ ኦሮራ አሁን ገና እውነተኛ እናት አገኘች የሚል ነገር ጣል ታደርጋለች። እንዲህ ያለች አማት ሰፈራችን ውስጥ አላውቅም የሚል እጁን ያውጣ። ወዲያው ንጉሡ ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ በጥንቱ እርግማን እንቅልፍ ይወስደዋል። ሁሉም ዞሮ ማሌፊሰንትን ያያል። ያቺን የድሮ እንዝርት ደብቃ ባሏን የወጋችው ግን ኢንግሪት ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ደሴት፣ ጦርነት፣ ፍንዳታ ለኔ ጌጥ ነው። የፊልሙ ልብ ያ ማዕድ ነው። ስሙን የማሌፊሰንት አሉት እንጂ ታሪኩ የአማት ነው። ምን ትላላችሁ? መጨረሻውን እዚህ እናወራለን፤ ያላየ ቢያመልጥ ይሻለዋል።

ቅዝምዝም፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለእጮኝነቱ እንኳን ደስ ያለሽ። ፊልሙ ላይ ግን ያዘነልሽ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

የተኛችውን ልዕልት ተረት የሚያወራውን የ1959ኙን የዲዝኒ ካርቱን አይተሻል? ያኔ ማሌፊሰንት ማለት ማሌፊሰንት ነበረች። ሳትጠራ ትመጣለች። ልጅቷ በ16ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዝርት ወግቷት ትሞታለች ብላ ትረግማለች። ትሄዳለች። ምክንያቷ ምንድን ነው? አልጠራችሁኝም። በቃ! ራሷን "የክፋት ሁሉ እመቤት" ብላ ነው የምትጠራው። የአሁኖቹ ያንን ማዕረግ ወስደው ርዕስ አደረጉት፤ ውስጡ ያስቀመጧት ግን እራት ላይ ለመወደድ የምትጨነቅ ሴት ናት። ጠርሙሱ አረቄ፣ ውስጡ ውሃ።

በካርቱኑ መጨረሻ ላይ ዘንዶ የምትሆነው ነገርስ? በ2014 ዘንዶ የሆነው ቁራው ነው። በ2019 እሷን ፊኒክስ አደረጓት። ከዘንዶ ወደ ወፍ ወርደናል። ሕዝቡም ገብቶታል፦ የመጀመሪያው በዓለም ዙሪያ 758 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ሁለተኛው 491።

ጋሽ ሲኒማ፦

ልጅ ቅዝምዝም፣ የገንዘቡን ክርክር ተወው። የምትወደው የ1959ኙ ፊልም ስድስት ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ በዚያ ዘመን ለካርቱን የማይታሰብ ብር ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ወጪውን አልመለሰም። በአንተ ሒሳብ ያኔም ሕዝቡ ተናግሮ ነበር ማለት ነው።

በሌላው ግን ካንተ ጋር ነኝ። እኔ በቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው ያየሁት። ማርክ ዴቪስ የሣላት ሴት ስትንቀሳቀስ ልብሷ እንደ ነበልባል ነው። ድምፁን የሰጠችው ኤሌኖር ኦድሊ ናት፤ በ1950 ለሲንደሬላ የእንጀራ እናትም ድምፅ የሰጠችው እሷው ናት። ያን ድምፅ ሰምቶ የተኛ ልጅ መብራት አያስጠፋም። ጆሊ ቆንጆ ናት፣ ጉንጯ እንደ ምላጭ ነው፣ ግን ማን ይፈራታል?

ፋንዲሻ፦

ጋሽዬ፣ እኔ እኮ መፍራት አልፈለግኩም። እማማ አጠገቤ ነበሩ፤ ፍርሃቱ በቂ ነበር።

ማርታ ሜሪላንድ፦

እኔ ልጄን ይዤ ሲኒማ ቤት ነው ያየሁት፣ እንደወጣ ሰሞን። ስለ ሻሹ ማንም እስካሁን ስላላነሳ ላንሳ።

እራቱ ከመድረሱ በፊት ኦሮራ ለማሌፊሰንት ሻሽ ትሰጣታለች። ቀንዷን እንድትሸፍንበት። "ሰዎቹ እንዳይጨነቁ" በሚል ዓይነት፣ በፍቅር፣ በልምምጥ ነው የምትሰጣት። ማሌፊሰንት ፊቷ ትንሽ ይለወጣል። ከዚያ ትጠቀልለዋለች።

አሜሪካ ስንመጣ እኔ 11 ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ለሷ ትልቅ ቀን ነው፤ ነጠላዋን ከሻንጣ አውጥታ፣ ተኩሳ ለበሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ "እማ፣ ዛሬ ጃኬት ብቻ ልበሺ" አልኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ነጠላውን አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ስብሰባው ላይ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር፤ ሁልጊዜ የነጠላዋን ጫፍ ስለምትይዝ።

ሲኒማው ውስጥ ያ ሻሽ ሲመጣ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጄ ዞር ብላ "እማዬ፣ ገና እኮ ማንም አልሞተም" አለችኝ።

ስለዚህ ቅዝምዝም ወንድሜ፣ ለመወደድ የምትጨነቅ ሴት ስትል ልክ ነህ። ለኔ ከዘንዶው ትበልጣለች።

ቅዝምዝም፦

ማርታ እህቴ፣ አሁን ምን እንድመልስ ነው? አንቺን ተከራክሬ አልረታም። ነጠላውን ግን በኋላ ለበሰችው?

ማርታ ሜሪላንድ፦

ምረቃዬ ላይ። እኔ ነኝ ያለበስኳት።

ሰናይት፦

ቅዝምዝም "ምክንያቷ ምንድን ነው? አልጠራችሁኝም፣ በቃ" ያለው ላይ ልመለስ። አንዲት ሴት ክፉ የሆነችው እንዲሁ ነው የሚለው ታሪክ ለመቶዎች ዓመታት በቂ ሆኖ ኖሯል። የ2014ቱ ፊልም ለምን ብሎ ጠየቀ። ስቴፋን የሚባለው የልጅነት ወዳጇ ንግሥና ፈልጎ መጣ፤ የሚያስተኛ መጠጥ ሰጣት፤ ተኝታ ሳለች ክንፏን በብረት ሰንሰለት ቆርጦ ወሰደ። ጠዋት ነቅታ ጀርባዋን ስትዳስስ የምታሰማው ጩኸት የልጆች ፊልም ጩኸት አይደለም። ጆሊም በዚያው ዓመት ለቢቢሲ ሬዲዮ ስትናገር ትዕይንቱ የመደፈር ምሳሌ መሆኑን እሷም ጸሐፊዋም አውቀውት እንደሠሩት አልደበቀችም። ጸሐፊዋ ሊንዳ ዉልቨርተን ናት።

አሁን እኛን የሚነካውን ልጨምር። በዚያው በ2014 የጆሊ ስም ሌላ ፊልም ላይ ነበር፤ በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲውሰርነት። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ "ድፍረት"። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅና ጠላፊዋ። በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው። የዲዝኒው ፊልም ያን ቁስል በክንፍ ሸፍኖ ሲያወራ፣ የኛው በአማርኛ በግልጥ አወራው። ርዕሱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ ያ ሌላውም ነው።

ቁጥር ሁለት ላይ ቅር የሚለኝም ይህ ነው። ማሌፊሰንትን ነፃ ለማውጣት ክፋቱን ከሷ ትከሻ አንስተው ለሌላ ሴት አሸከሙት። ኢንግሪት ለምን እንዲህ እንደሆነች በንግግር ብቻ ትነግረናለች፦ ልጅ ሳለች አገሯ ሲራብ ጎረቤት ያሉት ቆሌዎች ጠግበው ያድሩ ነበር፤ ወንድሟ ዕርዳታ ፍለጋ ሄዶ ሞተ፤ እሷን ለንጉሥ ጆን ዳሯት። ይህ እኮ ራሱን የቻለ ፊልም ነው! በሁለት ደቂቃ አልፈውት ወደ ፍንዳታው ሮጡ። ሌላ 60 ዓመት ቆይቶ አንዱ መጥቶ "ኢንግሪት" የሚል ፊልም ይሠራ ይሆናል።

ፋንዲሻ፦

ሰናይት፣ ይህን ስትዪ የቡናው ዕለት ያለፈኝ ነገር ትዝ አለኝ። ኢንግሪት ያን ስትናገር እማማ "ወይ የራብ ነገር" ብለው ነበር። እኔ ወደ ቀጣዩ ትዕይንት ለመሄድ ቸኩዬ አልሰማሁም።

ቅጠል ገላጭ፦

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋንዲሻ "የአማት ፊልም" ስትል ሳታውቀው 1697 ውስጥ ገብታለች።

እኛ የምናውቀው የተኛችው ልዕልት ተረት በመሳም ያልቃል። ያ የግሪም ወንድማማቾች አጨራረስ ነው፣ 1812። እነሱ ዘንድ አሥራ ሦስተኛዋ ሴት ያልተጠራችው ንጉሡ የነበረው የወርቅ ሳህን 12 ብቻ ስለሆነ ነው። ሳህን ጎደለ ተብሎ ሰው ሳይጠራ ቀረ! ከጎረቤት ተበድረው ቢሆን ተረቱ አይኖርም ነበር።

ከእነሱ በፊት፣ በ1697፣ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ያሳተመው ግን ሌላ ነው። ልዑሉ ልዕልቷን አይስማትም። ተንበረከከ፤ መቶ ዓመቱም ሞልቶ ነበርና ነቃች። ይህ የታሪኩ መሃል ነው። ከዚያ ሁለተኛው ተረት ይጀምራል፣ ዛሬ ለልጆች የማይነገረው።

ልዑሉ ሚስቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቱ ይደብቃል። ለምን? እናቱ የጭራቅ ዘር ናት። አባቱ ያገባት ሀብቷን ብሎ ነው። ሕፃናት ሲያልፉ ስታይ ራሷን መግታት እንደሚያቅታት በቤተ መንግሥቱ ይንሾካሾካሉ። ሁለት ልጆች ይወለዳሉ፤ የሴቷ ስም ንጋት፣ የወንዱ ቀን። አባትየው ሲሞት ልዑሉ ይነግሣል፤ ሚስቱንና ልጆቹን በሰልፍ ያስገባል። ብዙም ሳይቆይ ዘመቻ ይሄድና ሚስቱንም ልጆቹንም ለእናቱ አደራ ይላል።

አማትየው የወጥ ቤቱን ሹም ጠርታ "ነገ እራቴ ላይ ትንሿን ንጋት እፈልጋለሁ" ትለዋለች። በምን እንደምትሠራ ሳይቀር ታዛለች፤ በሽንኩርትና በሰናፍጭ በሚሠራው ሶስ ሮበር። ፈረንሳይ ናት፤ ጭራቋም ስለ ስጎ ትጨነቃለች። ሰውየው ቢላ ይዞ ሄደ፣ ልጅቷ እየሳቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ አንጀቱ አልቻለም። ደብቋት ጠቦት ሠርቶ አቀረበ። ከሳምንት በኋላ ወንዱን ጠየቀች፤ የፍየል ግልገል አቀረበላት። ቀጥላ ምራቷን ራሷን አለች፤ አጋዘን። ስትነቃበት በጉርጥና በእባብ የተሞላ ትልቅ በርሜል አዘጋጅታ ሁሉንም ልትከት ስትል ልጇ ከዘመቻ ደረሰ። እሷው ዘላ ገባችበት።

ኦሮራ የሚለው ስም ንጋት ማለት ነው። ፔሮ ዘንድ የሕፃኗ እንጂ የልዕልቷ ስም አይደለም። በ1890 በታየው የቻይኮቭስኪ ባሌት ላይ ነው ልዕልቷ ራሷ ኦሮራ የሆነችው። ዲዝኒም በ1959 ስሙንም ዜማውንም ከዚያ ወሰደ፤ አማቷን ግን ጥሎ ሄደ። ማሌፊሰንት ብቻዋን ሁለት ሰው የሚያህል ክፋት መሸከም ነበረባት። በ2019 አማቷ ተመልሳ መጣች። አስበውም ይሁን ሳያስቡ፣ ይህ ፊልም ከካርቱኑ ይልቅ ለፔሮ ይቀርባል። ንጉሡ እንደሌለ ሲቆጠር ቤቱን የያዘች እናት፣ ማዕድ፣ ምራቷን ለማጥፋት የተጠነሰሰ ተንኮል። ሁሉም አለ።

ፋንዲሻ፦

ቆይ ቆይ ቆይ። የፍየል ግልገል አልክ? ወንዱን ልጅ ተክቶ የቀረበው?

መጨረሻው ላይ ማሌፊሰንት ኢንግሪትን ምን አደረገቻት? ፍየል! ቀንድ ያላትን ሴት ስትንቅ የኖረችው ንግሥት ቀንድ አበቀለች። አሁን ደግሞ ፔሮ ዘንድ አማቷ ፍየል በላች ትለኛለህ። ቡናዬን ደፋሁ።

ጋሽ ሲኒማ፦

ቅዝምዝም ሆይ፣ ስምህ ዛሬ ተፈለገ። ፍየል ወዲህ…

ቅዝምዝም፦

…ቅዝምዝም ወዲያ። ይህን ቀልድ ስጠብቅ ነው የከረምኩት ጋሽዬ፤ አመሰግናለሁ።

ቅጠል ገላጭ፣ ባርኔጣዬን አንስቻለሁ። ግን ልብ በል፤ የፔሮ አማት ለምን ሰው ትበላለች? ጭራቅ ስለሆነች። ወንድሟ ሞቶባት አይደለም፣ ራብ አይታ አይደለም። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። እኔ ስል የነበረው ይሄንኑ ነው።

ሰናይት፦

የሳምንቱን ምግብ በስጎ የምታዝ ጭራቅ እኔም እወዳለሁ። ጎረቤቴ ስለሆነች ሴት ሲወራ ግን "ጭራቅ ናት፣ በቃ" አይበቃኝም። ፊልሙ የሁለቱንም መሃል ሲፈልግ ነው የወደቀው።

የሺ ከደብረ ማርቆስ፦

እኔ ስለ ሰርጉ ነው መናገር የምፈልገው። እስካሁን እንዴት ዝም አላችሁ?

ኢንግሪት ቆሌዎቹን በሙሉ ለሰርግ ትጠራለች። ለብሰው፣ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ሲገቡ በሩ ይቆለፋል። ገርዳ የምትባለው አገልጋይ ኦርጋን መምታት ትጀምራለች፤ በመታችው ቁጥር ቀይ ዱቄት ይረጫል። ከብረትና ቆሌ በተቀበረበት ከሚበቅል አበባ የተሠራ ነው፤ የነካውን ቆሌ ያጠፋል። ከሦስቱ ያሳደጓት ሞግዚቶች አንዷ፣ ሰማያዊዋ፣ ኦርጋኑን በገዛ አካሏ ደፍና ትሞታለች። ውጪ ደግሞ ባለ ክንፎቹ ከሰማይ ይረግፋሉ። ልጆቼን ይዤ ነበር የማየው። አንደኛው ሶፋው ሥር ገባ።

እሺ፣ ጦርነት ነው፤ ይሁን። ግን ከዚያ ምን ሆነ? ሰርግ! ያኔውኑ! ሰዉ አቧራውን አራግፎ እልልታ። እረ ሠልስት ይውጣ! አርባ ይውጣ አላልኩም፤ ሦስት ቀን። እኛ ሰፈር ጎረቤት ሞቶ ሰርግ ያለው ሰው ድንኳኑን ያፈርሳል፤ ባያፈርስ እንኳ ከበሮ አይመታም። ሰማያዊዋ ሞግዚት እኮ ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት ናት። ኦሮራ ጥቁር እንኳ አልለበሰችም።

ማርታ ሜሪላንድ፦

የሺ እህቴ፣ ሳቄም እንባዬም መጣ። እውነትሽን ነው። ልጄም ስንወጣ "ሰማያዊዋስ?" ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ጋሽ ሲኒማ፦

በዚህ ላይ ቺዊቴል ኤጂዮፎርን የሚያህል ተዋናይ አምጥተው በቅጡ ሳይጠቀሙበት መግደላቸውን ጨምሩ። ኮናል ሆኖ ነው የተጫወተው። ማሌፊሰንት በብረት ጥይት ተመትታ ባሕር ውስጥ ስትወድቅ የሚያወጣት፣ ወደ ወገኖቿ የሚወስዳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን የሚመስል ሰው ታያለች፤ የበረሃ፣ የጫካ፣ የበረዶ አገር ባለ ክንፎች፣ ሁሉም ከሰው ሸሽተው አንድ ጎጆ ውስጥ። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆዩ አልጠላም ነበር። ኮናል ሰላም ይላል፣ ቦራ ጦርነት ይላል፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ወደ ሰማይ። ዳይሬክተሩ ዮአኪም ሮኒንግ ኖርዌያዊ ነው፤ የመርከብና የማዕበል ፊልም ሲሠራ የኖረ ሰው። ትልልቁን ነገር ያውቅበታል። ዝም ብሎ መቀመጥ ላይ ይቸኩላል።

ሜካፑ ግን አይነካም። ለኦስካር መታጨቱ ሲያንሰው ነው።

ጠይብ ልጅ፦

ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ አልጽፍም። የብረቱ ነገር ግን አስጻፈኝ።

ፋንዲሻ፣ እማማ ቆሌዎቹ ብረት እንደሚፈሩ ስታስረጃቸው ገረማቸው?

ፋንዲሻ፦

ኧረ ማስረዳትም አላስፈለገኝ። ማሌፊሰንት እጇ ሲቃጠል "ብረትማ ይፈራሉ" አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። ልጃቸውን የወለዱ ጊዜ ትራሳቸው ሥር ቢላ ነበር አሉኝ። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ብትተውም ብረት ይዛ ነው።

ጠይብ ልጅ፦

አዎ። አያቴም እንዲሁ ትል ነበር። ልዩነቱ፣ ያን ቢላ የሠራው አያቴ ነው።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። የሰፈሩ ሰው ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ የአራሷን ቢላም ከሱ ይወስዳል። ማታ ደግሞ ልጆቹን "ከነሱ ቤት አትብሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ይላቸዋል። ሰርግ ሲጠራ እኛ ቤት አይጠራም፤ ቢጠራም ለብቻ በተለየ ዕቃ ነው። ከላይ ቅጠል ገላጭ የወርቅ ሳህን ጎደለ ያለውን ሳነብ ቆምኩ። አባቴ ልጅ እያለ በገባበት ሰርግ ላይ የጠጣበት ዋንጫ ሲሰበር አይቷል። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ እዚያው።

ማሌፊሰንትን ያየሁት እንደ ጠንቋይ አይደለም። ሰርግ ላይ ሳትጠራ ብትመጣ እኔም ምን እንደምትል ለመስማት ቁጭ እላለሁ።

ቅዝምዝም፦

ወንድሜ፣ ሦስቴ አነበብኩት።

"አልጠራችሁኝም፣ በቃ" ያልኩት ምክንያት አይደለም ብዬ ነበር። እሱን አነሳለሁ። ፊልሙን ግን አሁንም አልወደውም።

ጠይብ ልጅ፦

እኔም ፊልሙን ብዙ አልወደድኩትም። እራቱን ብቻ።

የሺ ከደብረ ማርቆስ፦

ፋንዲሻ፣ ዋናውን ሳትነግሪን ልታመልጪ ነው። መጨረሻውን ሲያዩ እማማ ምን አሉ? አማቷ ፍየል ስትሆን ሳቁ ወይስ ተቆጡ? ሰርጉስ አለ ወይስ ተበተነ?

ፋንዲሻ፦

ሰርጉ አለ። ሰኔ ጾም ሳይገባ ነው፤ ሁላችሁም ተጠርታችኋል፣ ሳህን አይጎድልም።

እማማ ኢንግሪት ፍየል ስትሆን አልሳቁም። እኔ ነኝ የሳቅኩት፤ ዞር ስል ፊታቸውን አይቼ አፌን ያዝኩ። ዝም ብለው አዩ። ሰርጉ ሆነ፤ ሰው ተሳሳመ፤ ማሌፊሰንት ከወገኖቿ ጋር በረረች፤ ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። በረካው ቀዝቅዟል። ልጃቸው ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ ገባ፣ "ምን አያችሁ?" እያለ። አልመለሱለትም።

ወደ እኔ ዞረው "ቆይ" አሉኝ፣ "ያቺ ፍየል ግን ሲመሽ ማን ያስገባታል? ጅብ እኮ ይበላታል።"